ስንተኛ ወጣሽ?

አባዬ ስያሜው አልተዋጠለትም።

«ፈርስት ጄኔሬሽን» የሚለውን ነው። ባለፈው ኖቬምበር 8 የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ጠርቶኝ እሱንም ይዤው ሄድኩ። ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ፣ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣ ነው የመጣው። የሥራ ጃኬቱን እንኳን አልቀየረም። በሩ ላይ አንድ ልጅ «ፈርስት ጄን» የሚል ክብ ተለጣፊ ሰጠኝና ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። አባዬ መነጽሩን አውጥቶ አነበበው።

«ምን ማለት ነው?»

«ከቤተሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ማለት ነው። የመጀመሪያ ትውልድ።»

«የመጀመሪያ?» ብሎ ዝም አለ። ቡና ቀድተን ከተቀመጥን በኋላ፣ ነገሩን የረሳው ሲመስለኝ፣ «አያትሽ መሪጌታ ነበሩ እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። አያቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አባዬም ልጅ አባቱ እግር ስር ሆኖ አይማርም ተብሎ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ የቆሎ ተማሪ ሆኗል። ጎንጅ ድረስ በእግሩ ሄዶ ቅኔ ቆጥሯል። አልጨረሰም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ትቶት አዲስ አበባ ገባ። ቀን ቀን የቀን ሥራ፣ ማታ ማታ ትምህርት እያለ አሥረኛ ክፍል ደረሰና እዚያው ቆመ።

በፎርሙ ላይ ይሄ ሁሉ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ፈርስት ጄኔሬሽን የሚባለው ወላጆቹ የአራት ዓመት ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ ነው። ድጓም ቅኔም አይቆጠርም። በፎርሙ መሠረት እኛ ቤት ትምህርት የተጀመረው በእኔ ነው።

ያን ቀን መድረክ ላይ የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ነበር። አምስት ደቂቃ ለማመስገን እንኳን አይበቃም። ስለዚህ የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ቀኑ ዝም ብሎ የተመረጠ ቀን አይደለም። (በእኛ ጥቅምት 29 መሆኑ ነው። እማዬ «የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ባለፈ በሁለተኛው ቀን» ብላ ነው የያዘችው።) ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተማሪ እርዳታን ያሰፋውን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የፈረሙት ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ነው። ለመፈረም ቴክሳስ ድረስ፣ ሳን ማርኮስ ወደሚገኘው፣ ራሳቸው ወደተማሩበት ኮሌጅ ሄዱ። እዚያ ተማሪ እያሉ ወለል ሳይቀር ይጠርጉ ነበር፤ ከሠሯቸው ብዙ ሥራዎች አንዱ እሱ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ማን? ፕሬዚዳንቱ?» አለች። እማዬ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ 16 ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንሰንን የምታነሳው እንደ ሥራ ባልደረባዋ ነው።

ገቢው ዝቅ ያለውንና ፈርስት ጄን የሆነውን ተማሪ የሚያግዙት፣ ትሪዮ የሚባሉት የፌደራል ፕሮግራሞችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። አፕዋርድ ባውንድ በ1964 መጣ፣ ታለንት ሰርች በ1965። በ1968 ኮሌጅ የገባውን ተማሪ የሚደግፈው ሦስተኛው ተጨመረ። ሦስት ስለሆኑ ትሪዮ ተባሉ። በኋላ ሌሎችም ተጨመሩ፣ ስሙ ግን እንደዚያው ቀረ። ኖቬምበር 8ን በአገር ደረጃ ማክበር የተጀመረው በቅርቡ ነው፣ በ2017።

እኔን ያሳደገኝ ፕሮግራም የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢኦፒ ይሉታል፣ የትምህርት ዕድል ፕሮግራም። የራሱ ታሪክ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ሲያትል የገባነው በ2008 ነው፣ በዲቪ። ሰባተኛ ክፍል አስገቡኝ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ሰጡኝና «ወላጆችሽ ይፈርሙበት» አሉኝ። አባዬ ያልገባውን ወረቀት አይፈርምም። ሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አስነበበው። ኮሌጅ ባውንድ የሚባለው የስቴቱ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጅ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ ይፈርም ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በደህና ውጤት ከጨረሰ፣ ወንጀል ውስጥ ካልገባና ያኔም የቤቱ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ስቴቱ ለኮሌጅ ያግዘው ነበር። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ «ፈርም፣ ምንም አታጣም» አለው። አባዬ ፈረመ። እኔ እንኳን ኮሌጅ፣ የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት መጠየቅ ገና እየተለማመድኩ ነበር።

ስድስት ዓመት አለፈ። በ2014፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ለመሙላት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ያኔ ጥያቄው ከመቶ በላይ ነበር። አሁን አሳጥረውታል። የእማዬና የአባዬ የታክስ ወረቀት የሚቀመጠው ከፓስፖርቶቹ፣ ከዲቪ ዶሴው፣ ከሠርጋቸው ፎቶ ጋር በአንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነው። አባዬ እያንዳንዷን ወረቀት ሲያወጣ ይጠይቃል። ገቢያችንን ለምን ፈለጉት? ባንክ ያለችውን ለምን ፈለጉ? ነገ ተነስተው ቢወስዷትስ? በደርግ ዘመን የኖረ ሰው መንግሥት ሀብቱን ሲጠይቀው ደስ አይለውም። ፎርሙን ያወጣው ሰው ይህን ያሰበበት አይመስለኝም።

ሞላን። ተቀባይነት አገኘሁ። ሰፈሩ እልል አለ። እማዬ ድፎ ጋገረች።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤ መጣ። ፋይሌ «ለማጣራት ተመርጧል» ይላል። እማዬ «ምን አጠፋን?» ብላ አለቀሰች። አባዬ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈውና ሁለት ሳምንት በአጠገቡ ሲያልፍ እያየው አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ላለው ሰውዬ እንኳን ማሳየት አፈረ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባች ተብሎ ተደግሶ፣ አሁን ማጭበርበር አለበት ተባለ ሊባል ነው። የስልክ መስመሩን ደወልኩ፣ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁና ዘጋሁ።

ያወጣን የኢኦፒ አማካሪዬ ናት። ራሷ ደወለች። «ፋይልሽ ቆሟል፣ ለምን አልላክሽም?» አለችኝ። ዝም ስላት «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለች። ሄድን። እኔ እያስተረጎምኩ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጠችልን። አባዬ መጀመሪያ የጠየቃት «ማን ከሰሰን?» ብሎ ነው። አልሳቀችም። ማንም እንዳልከሰሰ፣ ከብዙ ሺህ ፋይል እየለዩ እንደሚያጣሩ ነገረችው። አባዬ ትንሽ አሰበና «እንደ ዲቪ ዕጣ ማለት ነው» አለ። «አዎ፣ መጥፎው ዲቪ» ብዬ ተረጎምኩላት፤ ያኔ ግን ሳቀች። የጎደለው አንድ የታክስ ወረቀት ነበር። አንድ!

በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የዓመት ክፍያ ከ12,000 ዶላር በላይ ነበር። ፔል የሚባለው የፌደራል እርዳታ ጣሪያው 5,730 ዶላር ነበር። ቀሪው ከስቴቱና ከዩኒቨርሲቲው ተሟልቶ ክፍያዬ ተሸፈነ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ቀድሞም ተመድቦልኝ ነበር። ፍሪጅ ላይ በተለጠፈ ደብዳቤ ምክንያት ግን ልናጣው ምንም አልቀረንም። ሰዎች እንዲህ ስላለው ፕሮግራም ሲያወሩ ገንዘቡን ያስቀድማሉ። እኔ የማስቀድመው ያቺን ሴትዮ ነው። የሞኝ ጥያቄ መጠየቅ የሚቻልበት ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዲግሪ ያላቸው ወላጆች ልጅ ይህን ሰው እራት ላይ ያገኘዋል።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ።

ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በኳርተር ነው። አሥር ሳምንት ብቻ። ግቢውን ገና ሳትለምደው ሚድተርም ይደርሳል። ጠዋት ከሰፈራችን ከሬይኒየር በ7 ቁጥር አውቶቡስ ማውንት ቤከር፣ ከዚያ በ48 ወደ ግቢ። (ባቡሩ ግቢው ድረስ የገባው በማርች 2016 ነው፣ ጉልበቴ ካለቀ በኋላ።) ኬም 142 የሚባለው የኬሚስትሪ ኮርስ የሚሰጠው ባግሊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስንቶቻችን እንደነበርን እንጃ፤ ከኋላ ሆኜ ሳይ አስተማሪው አውራ ጣት ያክላል።

የመጀመሪያው ሚድተርም ከመቶ 41 አመጣሁ።

አዲስ አበባ አራተኛ ክፍል እያለሁ ከ58 ተማሪ ሁለተኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ። አባዬ ያን ካርድ እስከ ዛሬ አልጣለውም፤ ጥቁሩ ቦርሳ ውስጥ አለ። ለእሱ ትምህርት ማለት ደረጃ ነው። ሌሊት ወደ ሥራ ሲወጣ እኔ ከግቢ ስመለስ ደጅ ላይ እንገናኛለን። ሁሌም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«እዚህ ደረጃ የለም፣ አባዬ።»

«ደረጃ የሌለው ትምህርት አለ?»

41 አምጥቻለሁ አላልኩትም። ለማንም አላልኩም። በልቤ ወስኜ ነበር፤ ኳርተሩ ሲያልቅ ቀስ ብዬ ወጥቼ ሥራ እገባለሁ፣ ምክንያት አይጠፋም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አፍ ያዘጋል። ድፎ ተጋግሮልኛል፣ ሰፈሩ እልል ብሏል፣ እንዴት ብዬ አልቻልኩም እላለሁ?

አማካሪዬ በየወሩ ቀጠሮ ነበራት። ፈተናውን አምጪና አሳዪኝ አለች። እያፈርኩ አወጣሁት። ቁጥሩን አይታ ምንም አላለችም፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና «ኢንስትራክሽናል ሴንተር ሄደሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። የፕሮግራሙ ማስጠኛ ነው። አልሄድኩም። የሰነፎች ቦታ ይመስለኝ ነበር። ተነስታ ጃኬቷን ለበሰችና በእግሯ ወሰደችኝ። ዝናብ ነበር፤ ሲያትል ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

የገባሁበትን ክፍል አልረሳውም። ጠረጴዛ፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ጫጫታ። ቬትናሞች፣ ሶማሌዎች፣ ሜክሲኮዎች፣ ሁለት የእኛ ልጆች። ሁሉም ከባድ የተባለው ኮርስ ላይ ተጥዶ ይከራከራል። አስጠኚው ሦስተኛ ዓመት ነው። ማስታወሻዬን ልዘረጋለት ስል በእጁ ሸፈነውና «አስተምሪኝ» አለኝ። ምን? «እኔ ምንም አላውቅም፣ ከመጀመሪያው አስረጂኝ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄድኩና ተሰነከልኩ። ያኔ ችግሬ ገባኝ። ሸምድጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሁለተኛ ያስወጣኝ ሽምደዳ እዚህ ቦታ ጉልበቱ አልቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አራት ቀን እየሄድኩ እጅ እየተሸፈነብኝ አስረዳሁ።

ኬም 142ን በ2.9 ጨረስኩ። እዚያ ውጤት የሚጻፈው በቁጥር ነው፣ ከ4.0። ለአባዬ ነገርኩት።

«ከስንት?»

«ከአራት።»

ትንሽ አስልቶ «ስንተኛ መሆኑ ነው?» አለኝ።

የፕሮግራሙን ታሪክ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። ማታ የማጠናው ኦዴጋርድ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር፣ ቤታችን ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ ቀን አስጠኚዬ «የማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ቻርልስ ኦዴጋርድ በ1968 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ወር ተኩል በኋላ፣ ሜይ 20 ቀን፣ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት አባላት ቢሯቸው ገብተው ተቀመጡ። አንወጣም አሉ። ጥቁር ተማሪና አስተማሪ ይብዛ፣ ታሪካችን ይሰጥ፣ የሚገባውን ተማሪ የሚደግፍ አካል ይቋቋም። ከሰዓታት ድርድር በኋላ ኦዴጋርድ ተስማምተው ፈረሙ።

ከዚህ ታሪክ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ተከታዩ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ፊርማውን ይዘው ቤታቸው አልገቡም። በዚያው ክረምት ራሳቸው ወጥተው ተማሪ መመልመል ጀመሩ። የራሳቸውን ወገን ብቻ አይደለም የፈለጉት። ያኪማ ሸለቆ ድረስ ሄደው የሜክሲኮ ተወላጅ የእርሻ ሠራተኞችን ልጆች አመጡ፤ ከቀይ ሕንዶቹም፣ ከድሀ ነጮችም። ከመሪዎቹ አንዱ ላሪ ጎሴት በኋላ የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት አባል ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ፕሮግራሙን መጀመሪያ በምክትል ፕሬዚዳንትነት የመሩት ሳሙኤል ኬሊ ከጦሩ በሌፍተናንት ኮሎኔልነት ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። የግቢው የባህል ማዕከል ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ ቀን ላይ ምሳዬን የምበላው በኬሊ ቤት፣ ሌሊት የማጠናው ቢሯቸው በተያዘባቸው ሰውዬ ቤት ነበር።

አማካሪዬ ያኪማ ነው ያደገችው። የፖም ለቃሚ ልጅ ናት። እነዚያ ተማሪዎች የከፈቱት መንገድ እሷንም እንዳደረሳት ቀናቱን ስገጣጥም ገባኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ የጾም ማታ፣ አባዬ ስለ ማስጠኛው ጠየቀኝና ነገርኩት። ማስታወሻ በእጅ ተሸፍኖ በቃል ማስረዳት እንዳለብኝ ስነግረው ሳቀ። «አስነጋሪ ነዋ!» አለ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሙሉ ዛፍ ስር ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል። ማታ የቆጠረውን ለአስነጋሪው በቃሉ ይነግራል፤ አስነጋሪው ቀደም ብሎ የገባ ተማሪ ነው። ስህተቱን ያርመዋል፣ ለየኔታ ያደርሰዋል። ወረቀት የለም። ደመወዝም የለም።

በዚያ ማታ ስለ ልመናው አወራኝ። ከዚያ በፊት አውርቶት አያውቅም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ መቆም። ውሻው። ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ እሾህ ነው ይለን ነበር፣ የውሻ ጥርስ ነው። እኔ ልጅነቱን ሳስበው አዘንኩ፣ ፊቴ ላይም ታየብኝ መሰለኝ፣ ቆጣ አለ። «ምን ያሳዝናል? ለማኝ አልነበርንም። ተማሪ ነበርን። ሴትየዋ ካላት ላይ ትቆርሳለች፣ ተማሪው ይማራል፣ አገሩ ቄስ ያገኛል። ደብተራ ያገኛል። ሁሉም የሚያውቀው ነው።» ከዚያ ጠየቀኝ። «ያንቺን ማነው የሚቆርሰው?»

«መንግሥት።»

«መንግሥት ከየት አምጥቶ?»

«ከታክስ።»

ተነስቶ ጥቁሩን ቦርሳ አመጣ። የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት አወጣና የተቆረጠውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። «እኔም አለሁበት በላ» አለ። ያን ማታ እንጀራውን ደስ ብሎት በላ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። የእማዬ ወንድም ዓለማያ በእርሻ ትምህርት የተመረቀ ነው። እዚህ ኡበር ይነዳል። ዲግሪው ሳሎን ተሰቅሏል፣ አቧራ ይጠጣል። ልጁ ኮሌጅ ስትገባ «አባትሽ ዲግሪ አለው» ተባለችና ፈርስት ጄን አይደለሽም አሏት። ገቢያቸውም ከመስመሩ ትንሽ አልፏል። ስለ ፋፍሳ፣ ስለ ኳርተር፣ ኮርስ ስለሚጣልበት ቀን አጎቴ የሚያውቀው አባዬ ከሚያውቀው አንድ አይበልጥም። ልጅቷም እንደ እኔ ዳክራለች፣ ያውም የሚደውልላት ሰው ሳይኖር። መስመር የግድ የሆነ ቦታ ላይ መሰመር እንዳለበት ይገባኛል። ይህኛው ግን የአሜሪካን ዲግሪ ብቻ አስቦ የተሰመረ ነው። ከውጭ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ታክሲ የሚነዳ ወላጅ በዚህ ከተማ አንድና ሁለት አይደለም።

ደግሞ ያለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2025 ዋይት ሀውስ ያቀረበው የበጀት ሐሳብ ትሪዮን እስከነአካቴው የሚያስቀር ነበር። ሰነዱ ያለፈ ዘመን ቅሪት አድርጎ ነው የሚገልጸው። ሐሳቡን የጻፈው ሰው ፍሪጅ ላይ ደብዳቤ ለጥፎ ሁለት ሳምንት እያየው ያለፈ አይመስለኝም።

በ2018 ተመረቅሁ፣ ፕሮግራሙ 50 ዓመት በሞላው ዓመት። ዛሬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ኬም 142 እንጀራ ሆኗል።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ንግግሬን አደረግሁ። አልተሰናከልኩም፣ አባዬን ላለማየት ግን ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው። ሲያልቅ ኬክና ሳንድዊች ተረፈ፣ አዘጋጆቹም «ውሰዱ» አሉን። አባዬ ሳያንገራግር ሁለት ሳህን ሞልቶ በናፕኪን ሸፈነ። እኔ አፈርኩ። «አኮፋዳ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለ።

በሩ ላይ ያ ተለጣፊ የሰጠኝ ልጅ ወንበር እየሰበሰበ ነበር። የእኛ ልጅ መሆኑን ስሙን ከደረቱ አንብቤ አወቅሁ። አማርኛው ሰባራ ነው፣ ግን ይሰማል። አባዬ ሳህኖቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና አንዱን ወደ ልጁ ገፋለት። ልጁ አመሰገነ። አንደኛ ዓመት ነኝ አለ፣ ኬሚስትሪ እየወሰደ ነው። ሚድተርሙም ባለፈው ሳምንት ነበር።

«ስንተኛ ወጣህ?» አለው አባዬ።

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

«መልስለት» አልኩት።